የማግነም ጥይት የባሩድ ሰንጠረዥ ለምን ይለወጣል?

አቅራቢ ሀ፦ በአሜሪካ የተተኮሰ ቀለህ እቤት ውስጥ እንደገና ይሞላል። ምን ያህል ባሩድ እንደሚገባበት የሚወስነው የታተመ ሰንጠረዥ ነው።

አቅራቢ ለ፦ ሰንጠረዡ ግን በየእትሙ ይለወጣል። የ357 ማግነም የሪቮልቨር ጥይት የወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሮጌ መጽሐፍ የፈቀደውን መጠን አዲሱ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

አቅራቢ ሀ፦ ትልቁ ምክንያት መለኪያው ነው። ቀድሞ ግፊት የሚታወቀው አንዲት የመዳብ ቁራጭ ምን ያህል እንደተጨፈለቀች ታይቶ ነበር።

አቅራቢ ለ፦ መዳብ ደግሞ ይዘገያል፤ የቅጽበቱ ከፍተኛ ግፊት ያመልጠዋል።

አቅራቢ ሀ፦ አዎ! የኤሌክትሪክ መለኪያ ሲመጣ የተሰወረው ታየ። ዛሬ በአሜሪካ የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 35,000 ፓውንድ ነው።

አቅራቢ ለ፦ አምራቾች መጠኑን የቀነሱት ክስ ፈርተው ነው የሚሉም አሉ።

አቅራቢ ሀ፦ ያ ሁሉንም አያስረዳም። ባሩዱ ስሙ ሳይለወጥ ፋብሪካው ሊለወጥ ይችላል፤ አነዳዱም ከምርት ምርት ይለያያል።

አቅራቢ ለ፦ የአረሩ ቅርጽና ጥንካሬ፣ የመሞከሪያው በርሜልም አለ። አንዳንዴ እንዲያውም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

አቅራቢ ሀ፦ ስለዚህ የሚታመነው የባሩዱ አምራች ያወጣው የመጨረሻው እትም ነው።

አቅራቢ ለ፦ ይህ ሁሉ የአሜሪካ አሠራር ነው፤ በኢትዮጵያ ግን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።