ሐይቁ የጋራ ነው፤ ዕቅዱም የጋራ ይሁን
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ በሐዋሳ ከተማ ለመራጮች ያሰሙት ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ እሱም የሐይቁ ዳርቻ እንዴት ይልማ፣ ማንስ ይወስን የሚለው ነው። በከተማው እጅግ ውድ በሆነው መሬት ላይ ማን እንደሚወስን ከታወቀ፣ በውኃው፣ በመንገዱና በቤቱ ጉዳይም ማን እንደሚወስን ይታወቃል።

ነዋሪው ምን ይላል?

በየሰፈሩ ባደረግናቸው ውይይቶች የሰማነው ሐሳብ ብዙ ዓይነት ነው። ወጣቱ መብራት፣ የስፖርት ሜዳና ሥራ ይፈልጋል። በጡረታ ላይ ያሉ አባቶችና እናቶች ጥላ ያለው ዛፍና ሳይከፍሉ አረፍ የሚሉበት ወንበር ይጠይቃሉ። በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣው ዓሣ አጥማጅ፣ ጥብስና ሾርባ የምትሸጠው እናት፣ ጀልባ የሚቀዝፈው ልጅ ደግሞ ዳርቻው ሲያምር እኛ የት እንሆናለን ይላሉ። ከሐይቁ አጠገብ ቤት የሠራው ሰው በግድግዳው ላይ የማፍረሻ ምልክት እንዳይደረግበት ይሰጋል።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ። ለስብሰባ የሚጠሩት ውሳኔው ካለቀ በኋላ እንዲያጨበጭቡ ነው እንጂ ከመወሰኑ በፊት አስተያየት እንዲሰጡ አይደለም ይላሉ። ቅሬታቸው ልማቱን መጥላት አይደለም። በልማቱ ውስጥ ቦታ ማጣታቸው ነው።

ሐይቁ መውጫ የለውም

ስለ ሕንፃ ቁመትና ስለ መናፈሻ ከመነጋገራችን በፊት የሐይቁን ተፈጥሮ እናስታውስ። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ጥቁር ውኃን የመሳሰሉ ገባሮች የሚመግቡት፣ ነገር ግን በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ከተማ ቆሻሻውን ወንዙ ይወስድለታል፤ ጣጣው ለታችኛው ጎረቤት ይተርፋል። እኛ ግን ታችኛው ጎረቤት ራሳችን ነን። ከሆቴል፣ ከመኖሪያ ቤት፣ ከፋብሪካና ከመኪና ማጠቢያ ወደ ሐይቁ የሚገባው ብዙው ነገር እዚያው ይከማቻል። ዓሣው የሚኖረው በዚያው ውኃ ውስጥ ነው፤ ዓሣውን የምንበላውም እኛው ነን።

የሌሎች ከተሞቻችን ልምድም ያስተምረናል። የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሆኖም በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ በምዝገባ አልቆመም። በቢሾፍቱ በብዙ ቦታ ሐይቁን ለማየት በሆቴልና በሎጅ በር ማለፍ የግድ ነው። ሐይቅ እያለው ሐይቁን በክፍያ የሚያይ ነዋሪ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለውን ሰው ይመስላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የምንጠይቀው አዲስ መብት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ሰጥቷል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተነሳ ለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ለተነካ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ እንደሚገባው ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

ከሕገ መንግሥቱ በታችም የወጡ ሕጎች አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ የውኃ አካላት ዳርቻ ወሰን እንዲከለል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል መንገድ ከፍቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ለሕዝብ ተገልጾ አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዟል። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን መርሆዎቹ አድርጓል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ ደንግጎ፣ ለሆቴልና ለንግድ የሚውለውን በመሠረቱ ለጨረታ ትቷል፤ «ልዩ ሀገራዊ ፋይዳ» ላላቸው ፕሮጀክቶች ግን በካቢኔ ውሳኔ የሚያልፉበትን በር አበጅቷል። ያ በር ምን ያህል እንደተከፈተ ሕዝቡ የማወቅ መብት አለው።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው፤ የሐይቁ ወሰን ድንጋይ የት ነው የተተከለው? ከድንጋዩ ወዲያና ወዲህ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ካርታ በየትኛው ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል?

ውድ መራጮች፣

ይህን ጥያቄ ማንሳት የነበረባቸው የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ይሁንና በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ሆኖ ሳለ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተራዝሟል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅ፣ በየከተማው የሚወሰነው ነገር እጅግ በዝቷል፤ የወሳኞቹ ውክልና ግን አልታደሰም። የከተማን መልክ ለሃምሳ ዓመት የሚቀይር ውሳኔ ከመራጩ የተሰጠ ትኩስ አደራ ይፈልጋል።

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

1ኛ/ የሐይቅ ዳርቻ ፕላን ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው በሲዳምኛና በአማርኛ ይለጠፋል። የነዋሪው አስተያየት በጽሑፍ ይመዘገባል፤ ውድቅ የተደረገውም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል።

2ኛ/ ውኃውን ተከትሎ የሚሄድ፣ አጥር የሌለበት፣ የማይከፈልበት የእግር መንገድ ይከበራል። ይህ ቦታ ለማንም በሊዝ አይሰጥም። ቀድሞ በሕግ የተሰጠ ይዞታ ካለ በሕግ አግባብ በድርድር መተላለፊያ ይገኝለታል።

3ኛ/ ሕንፃ ወደ ሐይቁ ሲቀርብ ዝቅ፣ ሲርቅ ከፍ ይላል። ወደ ሐይቁ የሚወስዱ መንገዶች አይዘጉም፤ ነፋሱና እይታው ለኋለኛው ሰፈርም ይድረስ።

4ኛ/ የፍሳሽ ማጣሪያው ሥራ ያልጀመረ ሆቴል ወይም ድርጅት አገልግሎት አይጀምርም። የሐይቁ ውኃ ምርመራ ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ ይገለጻል።

5ኛ/ ዓሣ አጥማጆች፣ የዓሣ ምግብ ሻጮች፣ የጀልባ ማኅበራትና ቡና አፍልተው የሚሸጡ እናቶች በፕላኑ ላይ ቦታቸው አስቀድሞ ይሰመራል። ለጥገና ሲነሱም የሚመለሱበት ቀን በጽሑፍ ይሰጣቸዋል።

6ኛ/ ያለ ጨረታ የሚሰጥ መሬት ሁሉ ለማን፣ ለምንና በምን ምክንያት እንደተሰጠ ይፋ ይደረጋል።

7ኛ/ የተጓተተው የአካባቢ ምርጫ እንዲካሄድ በምክር ቤት እንታገላለን።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ባለሀብቱን ያሸሻል ይላሉ። እኛ ግን ባለሀብትን የሚያሸሸው ዛሬ የተፈቀደው ነገ የሚሻርበት አሠራር ነው ብለን እናምናለን። ሕዝብ መክሮበት የጸደቀ ፕላን ለባለሀብቱም ዋስትና ነው። ሆቴሉ የሚሸጠው አልጋ ብቻ አይደለም፤ ሐይቁንም ነው የሚሸጠው። ሐይቁ የሸተተ ቀን አልጋውም ባዶ ይቀራል።

ዋጋ እንደሚያስከፍልም አንደብቃችሁም። ዳርቻው ክፍት ሲሆን ከሊዝ ይገኝ የነበረው ገቢ በከፊል ይቀራል፤ ሕዝብ ማማከርም ጊዜ ይወስዳል። ሁሉንም በአንድ ዓመት እንፈጽማለን ብለን አንዋሽም። ነገር ግን የተሸጠ ዳርቻ ተመልሶ አይገዛም፤ የተበከለ መውጫ አልባ ሐይቅም በቀላሉ አይጠራም። ስለዚህ መዘግየቱ ከጥፋቱ ይሻላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አደራ እንላለን። ድምፃችሁን ለእኛ ብትሰጡም ለሌላ ብትሰጡም፣ ወደ ቀበሌያችሁ ሂዱና የሐይቁን ፕላን አሳዩን በሉ። ለቅስቀሳ የሚመጣውን ተወዳዳሪ ሁሉ፣ እኛንም ጭምር፣ የወሰን ድንጋዩ የት እንደሆነ ጠይቁት። መልስ ያለውን ምረጡ። መልሳችንን ያመናችሁበት እንደሆነ ድምፃችሁን ስጡን፤ ከተመረጥንም በኋላ ይህችን ጽሑፍ ይዛችሁ ተቆጣጠሩን።