ከመቶ ስንት?
(ለንባብ ቤት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሒሳብ ተናገር ስባል ሳቄ መጣ። እኔ ከሒሳብ ስሸሽ ሃያ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። በ12ኛ ክፍል ፈተና ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ በሒሳብ ኤፍ አመጣሁ። ከዚያ ወዲያ «የእኔ ራስ ለቁጥር አልተፈጠረም» ብዬ ተውኩትና በአንድ የእህል መጋዘን ንብረት ተረካቢ ሆኜ ተቀጠርኩ።

እናቴ ግን እንዲህ አላለችም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ታናሽ እኅቴን አዝላ ፊደል ቆጥራለች። እያየሁ አደግሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም።

አንድ ዓመት 240 ኩንታል በቆሎ ተረከብኩ። ሲገባ እርጥበት ነበረው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመዘን 234 ሆነ። «6 ኩንታል የት አደረስክ?» ተባልኩ። እህል ሲደርቅ ክብደቱ እንደሚቀንስ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ውሉም «እስከ ሦስት ከመቶ የሚደርስ ጉድለት አያስጠይቅም» ይላል። አነበብኩት፤ ማንበብ አላቃተኝም። ነገር ግን ከ240 ኩንታል ሦስት ከመቶ ስንት ነው? ማስላት አልቻልኩም፤ ሰው መጠየቅም አፈርኩ። ፈረምኩ። ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ። ባለቤቴ «ምን አጥፍተህ ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

በ41 ዓመቴ የሒሳብ አያያዝ ለመማር በማታው ክፍለ ጊዜ ኮሌጅ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፤ ለደረጃ ዕድገት ወረቀት ፈልጌ እንጂ ትምህርት ናፍቆኝ አይደለም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከመጀመሪያ ልጄ ያንሳል። በመጀመሪያው ፈተና ከ50 ያገኘሁት 17 ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ላቋርጥ ወሰንኩ።

ታዲያ በማግስቱ መምህሩ መጽሐፉን ዘጋና «ማባዣ የማያውቅ ሰው 13ን በ24 እንዴት ያባዛል?» አለን። ዝም አልን። እርሱ እንዲህ ጻፈ፦

13 — 24
6 — 48
3 — 96
1 — 192

በግራ በኩል ያለውን በግማሽ ይቀንሳል፤ የተረፈችውን ግማሽ ይጥላል። በቀኝ በኩል ያለውን እጥፍ ያደርጋል። በግራ ያለው ቁጥር ለሁለት እኩል የሚከፈል ከሆነ መሥመሩን ይሰርዛል። ስለዚህ የ6 መሥመር ተሰረዘ። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312። መልሱ ይኸው ነው!

ይህን ዘዴ የኢትዮጵያውያን ማባዣ የሚሉ የውጭ አገር መጻሕፍት አሉ፤ የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ የሚሉትም አሉ። የጥንት ግብፆችም ከ3,500 ዓመት በፊት በእጥፍ እያደረጉ ያባዙ እንደ ነበር በፓፒረስ ተጽፎ ተገኝቷል። የማን ነው የሚለው ክርክር ብዙም አያሳስበኝም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ «ለምን ይሠራል?» የሚለው ነው።

ቤቴ ገብቼ ሽምብራ አፈሰስኩ። 13 ፍሬ ቆጥሬ ስለያይ፣ ስሰበስብ አመሸሁ። በመጨረሻ ታየኝ፤ 13 ማለት 8፣ 4 እና 1 ነው። እንግዲያው 24ን 13 ጊዜ መውሰድ ማለት 8 ጊዜ፣ 4 ጊዜና 1 ጊዜ ወስዶ መደመር ነው፤ 192፣ 96 እና 24። የተሰረዘው 48 የ2 ጊዜ ነው፤ 13ን ለመሙላት 2 አላስፈለገም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ያበድኩ መስሏት ተነሣች። እርስዋንም አስቀምጬ አሳየኋት፤ ከእኔ ቀድማ ገባት። ኮምፒዩተርም ቁጥር የሚይዘው እንዲሁ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ መሆኑን በኋላ ተማርኩ።

«ከመቶ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያ ውል ትዝ አለኝ። ከ100 ኩንታል 3፣ ከ200 ኩንታል 6፣ ከ40 ኩንታል 1.2፤ በድምሩ 7.2 ኩንታል። የእኔ ጉድለት 6 ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት። ልከፍል አይገባኝም ነበር! አመለከትኩ፤ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። ገንዘቡ አልተመለሰም። በሚቀጥለው ርክክብ ግን ውሉን በአንድ እጄ፣ ስሌቱን በሌላው ይዤ ቀረብኩ። ያን ጊዜ ከደመወዜ የተቆረጠ የለም።

እዚህ የእቁብ ጸሐፊ ተቀምጣለች፤ ለስንት ገብስ ስንት ጌሾ እንደሚገባ በዓይኗ የምትመዝን ጠላ ጠማቂም አለች። ሁለቱም ቅድም በር ላይ «ቁጥር አናውቅም» ሲሉኝ ነበር። በሉ ጠመኔውን ውሰዱ። በግራ 21፣ በቀኝ 15 ጻፉ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ።