በውሰት ብስክሌት ወደ ሥራ

(በተማሪዎች የንግግር ምሽት የቀረበ)



ከመካከላችን ብዙዎች በቅርቡ ተመርቀን በዚሁ በእንግሊዝ አገር ደመወዝተኞች እንሆናለን። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከሚቀርቡልን ወረቀቶች አንዱ ከግብር ነጻ የሆነ የብስክሌት ውል ሊሆን ይችላል። ሳንፈርም በፊት ምንነቱን እንወቅ ብለን ይህን አዘጋጅተናል።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሠሪው ብስክሌትና የራስ ቁር ገዝቶ ለሠራተኛው ያውሰዋል፤ ሠራተኛውም ኪራዩን ግብር ሳይቆረጥ ከደመወዙ ላይ ይተዋል። 600 ፓውንድ የሚያወጣ ብስክሌት በ12 ወር ሲከፋፈል በወር 50 ፓውንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 በጸናው ስሌት፣ መካከለኛ ደመወዝ ላለው ሰው፣ በመቶ 20 ግብርና በመቶ 8 የብሔራዊ መድን መዋጮ ስለሚቀርለት ከኪሱ የሚጐድለው 36 ፓውንድ ብቻ ነው። በዓመት 168 ፓውንድ ይተርፈዋል።

ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ዓመቱ ሲያልቅ ብስክሌቱ አሁንም የአሠሪው ነው። ልንገዛው ብንፈልግ በተገቢ ዋጋው መሆን አለበት። በግብር መሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ፣ ይህን የመሰለ ብስክሌት በ1 ዓመቱ የመነሻ ዋጋውን በመቶ 25፣ ይኸውም 150 ፓውንድ ያወጣል። ያን ጊዜ ከገዛነው ትርፋችን 18 ፓውንድ ብቻ ነው። ውሰቱ ተራዝሞ 4 ዓመት ሲሞላው ግን በመቶ 7፣ ማለት 42 ፓውንድ ነው። «እንዲያው ውሰደው» የሚል ቸር አሠሪ ቢገኝ፣ በተሰጠን ዋጋ ልክ ግብር እንከፍላለን።

ሁለተኛው ደንብ፣ ከምንጓዘው የሚበዛው ከቤት ወደ ሥራ የሚደረገው ጉዞ ይሁን ይላል። የእሑድ ሽርሽር አይከለከልም፤ እያንዳንዱን ጉዞ መዝግቡም አንባልም። ሕጉ አምኖናል። የታመነ ሰው ደግሞ አደራውን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ደንብ፣ ዕድሉ ለሹማምንት ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው ሁሉ ይከፈት ይላል። ይሁን እንጂ በሕግ የተወሰነውን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኝ ሠራተኛ ከደመወዙ ሊተው አይፈቀድለትም፤ ደመወዙ ከወለሉ በታች ይወርዳልና። እንግዲህ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱት ወገኖቻችን፣ አውቶቡስ በማይበዛበት ሰዓት የሚመለሱት፣ ከበሩ ውጭ ይቀራሉ።

መፍትሔው በዚያው ሕግ ውስጥ አለ። አሠሪው ከደመወዝ ሳይቀንስ እንዲያው ቢያውስም ነጻነቱ አይቀርም። ነገ ውሉን ስንፈርም፣ «ለጽዳት ሠራተኞቹስ?» ብለን እንጠይቅ። ደንብን መከተል ለራስ ትርፍ ብቻ አይደለም።