በቱርክ አገር የተጠየቅነው ጥያቄ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ አንደኛው ያየውን ማጋነን፣ ሁለተኛው ያላየውን እንዳየ አድርጎ ማውራት ነው። እኛ አሥራ ስድስት ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት በአንድ አስጎብኚ መሪነት ለአሥራ አንድ ቀን ቱርክን ጎብኝተን ስንመለስ፣ የማኅበራችን ኮሚቴ «ያያችሁትን ንገሩን» ቢለን፣ ከሁለቱም ፈተና ለመራቅ ተስማማን። ስለዚህ ዛሬ ማታ የምናቀርበው የጉዞውን ሁሉ ዝርዝር አይደለም። በዚያ አገር ሳለን አንድ ጥያቄ ተጠየቅን፤ መልሱን ግን አላወቅነውም። ንግግራችን ስለዚያ ጥያቄ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ ጉዞው ሥርዓት ጥቂት እንበል። በቡድን የሚጎበኝ ሰው የራሱ ጌታ አይደለም። ገና በማለዳው አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አስጎብኚው የታጠፈ ጃንጥላ ወደ ላይ አንሥቶ ይቀድማል፤ መንጋው ይከተላል፤ «እዚህ ሃያ ደቂቃ» ከተባለ ሃያ ደቂቃ ነው። ይህ አካሄድ ጥቅም አለው፤ ገንዘብ ይቆጥባል፣ መንገድም አያስትም። ጉዳቱ ግን ሰውን ሰነፍ ማድረጉ ነው። ሌላው አይቶ ይነግረዋል፤ እሱ ፎቶግራፍ ብቻ ያነሣል። እኛም በመጀመሪያው ቀን እንደዚሁ ነበርን። ደግነቱ አስጎብኚያችን ለብዙ ዘመን የታሪክ መምህር ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ይህን ሥራ የያዙ አዛውንት ነበሩ። ተማሪ ዝም ብሎ ሲከተላቸው ደስ አይላቸውም።

ከእንቅልፋችን መጀመሪያ ያነቃን የቦታ ስም ነው። በሁለተኛው ቀን ከኢስታንቡል የአውሮፓ ወገን ተነሥተን በጀልባ ወደ እስያው ወገን ተሻገርን። የደረስንበት ሰፈር ካድኮይ ይባላል፤ ዓሣ ሻጩ፣ ቡና ቤቱና መጻሕፍት ሻጩ የተፋፈጉበት ደማቅ ሰፈር ነው። አስጎብኚያችን «ይህ ቦታ በጥንት ስሙ ኬልቄዶን ነው» አሉን። ቄስ አባት ያለው ጓደኛችን ደነገጠ። በ451 የተደረገውን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያልተቀበለችውን ጉባኤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል፤ ነገር ግን ኬልቄዶን ጀልባ የሚቆምበት ወደብ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም። «አባቶቼ ባልተቀበሉት ጉባኤ ቦታ እኔ ምሳ ልበላ መጣሁ» ብሎ አሳቀን። ያን ጊዜ በጣታችን ቆጠርን፤ የ325ቱ ኒቅያ ዛሬ ኢዝኒክ የተባለችው ከተማ ናት፤ የ381ዱ ቁስጥንጥንያ ያደርንባት ኢስታንቡል ናት፤ የ431ዱ ኤፌሶን በምዕራቡ ጠረፍ አጠገብ ትገኛለች። ስማቸውን በጸሎት ቤት የምንሰማቸው ከተሞች ሁሉ በዚህ በአንድ አገር ውስጥ ናቸው። ከእስላም ወገን የሆኑት ጓደኞቻችንም «ሐበሻ ነን» ባሉ ቁጥር የመስጊድ ዘበኛውም ነጋዴውም «ቢላል! ቢላል!» እያለ ይቀበላቸው ነበር። ለካ ሁላችንም እንግዶች ብቻ አልነበርንም።

አያ ሶፍያን ያየነው በማግስቱ ነው። በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ በ532 ተጀምሮ በ537 የተፈጸመው ይህ ሕንፃ፣ ወርዱ 31 ሜትር ያህል የሆነ ጉልላት ተሸክሞ ቆሟል። ከ900 ዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ በ1453 የ21 ዓመቱ ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ ከተማይቱን ሲይዝ መስጊድ ሆነ፤ በ1934 የሙስጠፋ ከማል አታቱርክ መንግሥት ቤተ መዘክር እንዲሆን ወሰነ፤ በ2020 እንደገና መስጊድ ሆነ። አሁን የውጭ አገር ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣል፤ ሰጋጁ ከታች ይገባል። እኛም በዚሁ ደንብ ተከፈልን፤ ከፊላችን ከላይ የክርስቶስንና የእመቤታችንን የጠጠር ሥዕል ስንመለከት፣ ከፊላችን ከታች ይሰግዱ ነበር። ማታ ሻይ እየጠጣን ያየነውን ስናስተያይ ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ቤቶች የምንናገር ይመስል ነበር። አንዱ ቡድን የሌላውን ባይሰማ ኖሮ እያንዳንዳችን ግማሹን ብቻ ይዘን እንመለስ ነበር።

ከዚያ ወደ ሱለይማኒዬ መስጊድ ሄድን። ይህን ያሠራው ሱልጣን ሱሌይማን፣ የሠራው ታላቁ መሐንዲስ ሲናን ነው። ሲናን ከክርስቲያን ቤተሰብ የተወለደ፣ በወጣትነቱ ለሱልጣን አገልግሎት የተወሰደ ሰው ነበር። መስጊዱ በ1550 ተጀምሮ በ1557 አለቀ፤ በዙሪያው ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታልና ድኾች የሚመገቡበት ወጥ ቤት ነበሩት። የዚሁ ሱልጣን ጦር ምጽዋን የያዘው በዚያው በ1557 ነው። በኢስታንቡል ጉልላቱ ሲፈጸም በቀይ ባሕር ጠረፍ መድፍ ይተከል ነበር። ይህን አስጎብኚያችን አልነገሩንም፤ ከመካከላችን አንዱ ዓመቱን አስታውሶ ተናገረ። እሳቸውም ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።

በመስጊዱ አጸድ ብዙ የመቃብር ድንጋይ አለ፤ በአንዳንዱ አናት ላይ የድንጋይ ጥምጥም ተቀርጿል። አንድ ጓደኛችን «ይህ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው «ማንበብ አልችልም» አሉ። አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው የአገራቸውን የመቃብር ድንጋይ ማንበብ አልቻሉም! ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቱርኮች ለብዙ መቶ ዓመታት ቋንቋቸውን በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር። በኖቬምበር 1928 በወጣ ሕግ በላቲን ላይ የተመሠረተ 29 ፊደል ተተካ፤ ጋዜጦች ከዲሴምበር ጀምሮ በአዲሱ ፊደል እንዲወጡ ተገደዱ፤ ለጎልማሶች የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ነበርና፣ አዲሱ ፊደል ለብዙው ሰው የትምህርትን በር ከፈተ። ነገር ግን ያው በር ሲከፈት የአያቶች ቤት ተዘጋ።

በዚህ ጊዜ በልጅነቱ ቁርአን የቀራ ጓደኛችን ወደ ድንጋዩ ተጠግቶ ፊደሉን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ቱርክኛ አያውቅም፤ ድምፁን ብቻ ያወጣል። መምህሩ ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጡና ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ይነግሩናል። ፊደል ያለ ቋንቋ፣ ቋንቋ ያለ ፊደል፤ ሁለቱ ተጋግዘው የአንድ ሟች ጸሐፊ ስምና «ፋቲሐ ቅሩለት» የሚለውን ልመና አወጡ። አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። ከእኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ ፎቶግራፍ አላነሣም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በዚህ ነገር ለመኩራራት ቸኩለን ነበር፤ «እኛስ ፊደላችንን አልለወጥንም» አልን። ማታ ግን አንዲት እኅታችን «ከመካከላችን የግእዝ ጽሑፍ አንብቦ የሚተረጉም ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁለት እጅ ተነሣ። የቀረነው አሥራ አራታችን በአባቶቻችን ድንጋይ ፊት እንደዚያ እንደ ጓደኛችን ድምፅ ብቻ የምናወጣ ነን።

ያን ዕለት ማታ ቡና በትንሽ ስኒ ቀረበልን። መምህሩ እየሳቁ «ከእናንተ አገር ወደዚህ ከተማ የመጣ ሁለት ነገር አውቃለሁ። አንደኛው ይህ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በየመን በኩል ገባ። ሁለተኛውን ነገ አሳያችኋለሁ» አሉን።

በማግስቱ የሱልጣኖቹን ቤተ መንግሥት ቶፕካፒን ጎበኘን። ስለ ዕንቁውና ስለ ሰይፉ ሌላ ጊዜ እንነግራችኋለን። ወደ ሐረሙ ስንገባ፣ ግድግዳው በአበባ ሸክላ ባጌጠ ጠባብ አደባባይ አጠገብ አቆሙን። በአንድ ወገን ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ ጠባብ የመኝታ ክፍል ይታያል። «የጥቁር ጃንደረቦች ማደሪያ ነው» አሉ። ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእነዚህ ጃንደረቦች አለቃ በቤተ መንግሥቱ እጅግ ኃያል ከሆኑት ሹማምንት አንዱ ነበር፤ ለመካና ለመዲና የተሰጠውን ርስትና ገንዘብ ሁሉ ይቆጣጠር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አለቆች አንዱ ሐበሺ መሐመድ አጋ ይባላል፤ ትርጉሙ ሐበሻው መሐመድ ማለት ነው። ከ1717 እስከ 1746 በሹመቱ የቆየው በሺር አጋም ትውልዱ ከሐበሻ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በከተማይቱ መስጊድ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል።

ይህን ስንሰማ ደስ ያለን ነበርን፤ «የእኛ ሰው እዚህ ድረስ!» ተባባልን። መምህሩ ግን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «እነዚህ ሕፃናት ነበሩ። ከየትኛው የአገራችሁ ክፍል ተወሰዱ? የሸጣቸው ማን ነበር?»

አሥራ ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን፤ የመለሰ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ሌላ ጉዞ ሆነ። መጠየቅ ተማርን። በቀጰዶቅያ ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈሉትን ቤተ ክርስቲያኖች ባየን ጊዜ ላሊበላን አስታወሰን፤ ቅዳሴያቸውን የምንቀድሰው ባስልዮስና ጎርጎርዮስም የዚያ ምድር ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በማድነቅ ብቻ አልቆምንም፤ «ምእመናኑ ወዴት ሄዱ?» ብለን ጠየቅን። መምህሩ አልሸሸጉም። በ1923 በግሪክና በቱርክ መካከል በተደረገ ውል መሠረት፣ በዚያ የቀሩት የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ወደ ግሪክ፣ በግሪክ የነበሩትም እስላሞች ወደ ቱርክ እንዲሄዱ ተደረገ። የሳቸው አያት ከተሰሎንቄ በዚያ ዓመት የመጡ ናቸው። ስለ 1915ቱ የአርመኖች ዕልቂት በጠየቅናቸው ጊዜ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን በአገሬ ሰዎች ፊት መናገር ቀላል አይደለም፤ እናንተ አንብቡ» አሉን። እኛም አልፈረድንባቸውም፤ የቶፕካፒው ጥያቄ በልባችን ነበርና። እያንዳንዱ አገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ነገር አለው።

ከተመለስን በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ያገኘነው ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከሐበሻ ምድር የሚነዱ ባሮች በነጋዴ ጓዝ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦችና በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ ይወሰዱ ነበር። ወንዶች ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚሰለቡት በላይኛው ግብፅ ነበር፤ ከቁስሉ የተነሣ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ጌጠኛው ክፍል የደረሰው ከሞት የተረፈው ነው። ሻጩስ? ገዢው ከባሕር ማዶ ቢሆንም በመጀመሪያ ልጁን ከእናቱ የነጠቀው እጅ የዚሁ አገር እጅ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ መኳንንቱም ነጋዴውም ከዚህ ንግድ ተካፍሏል። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። «የእኛ ሰው እዚህ ድረስ!» ብለን በኢስታንቡል የጮህነው ቃል ዛሬ ያሳፍረናል።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ወደፊት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቡድን ሁሉ ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት፣ ያ አገር ከእኛ ጋር ያለውን የታሪክ ግንኙነት አጥንቶ በዚህ አዳራሽ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ ግእዝ የሚያውቁትና የዐረብ ፊደል የሚያነቡት ጓደኞቻችን ሌሎቻችንን በሳምንት አንድ ማታ ያስተምሩን፤ አንዳንዶቹ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል። ሦስተኛ፣ የሚመጣው የማኅበሩ ጉዞ ወደ ባሕር ማዶ ሳይሆን የድሮው የባሪያ ንግድ መንገድ ወዳለፈባቸው የአገራችን ከተሞች ይሁን፤ አዛውንቶችም ይጠየቁ።

የመምህሩን አድራሻ ይዘናል፤ መልሳችንን እንደምንጽፍላቸው ቃል ገብተናል። ደብዳቤው ገና አልተጻፈም። ሊረዳን የሚፈልግ መምህርም ሆነ ተማሪ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።