የባቡር ምልክት መሐንዲሶች ሥልጠናና የመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራውን ሲጀምር የሥራው አመራር በቻይና ኩባንያዎች እጅ ነበር። በ2024 ኃላፊነቱ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ስለዚህ የምልክት መብራቶችን የሚቈጣጠረው ወጣት መሐንዲስ እንዴት ይሠልጥን የሚለው ጥያቄ ለነገ የሚባል አይደለም።

የዚህ ሙያ መሠረት አንድ ነው፤ መሣሪያ ሲበላሽ ምልክቱ ወደ ቀይ ማዘንበል አለበት። በብዙ አገሮች በቈየው አሠራር በሐዲዱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ያልፋል። ባቡር ሲገባ መንኰራኵሮቹ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ሪሌዩ ኃይል አጥቶ ይወድቃል፤ ከባቡሩ ኋላ ያለው ምልክትም ቀይ ይሆናል። ይህን ተመራቂ ሁሉ በክፍል ተምሮታል። ዳሩ ግን ዕውቀቱ ብቻውን እንደማይበቃ በለንደን ክላፓም ጃንክሽን ታይቷል።

በኖቬምበር 1988 አንድ ቴክኒሻን አዲስ ሽቦ ሲያስገባ አሮጌውን ከአንድ ጫፉ ብቻ ነቅሎ፣ ሳይቈርጠውና በወጉ ሳያስረው ተወው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ክፍል ሌላ ሥራ ሲሠራ ሽቦው ተነቃንቆ ከቀድሞ ቦታው ጋር ተነካካ፤ ሊወድቅ የሚገባውንም ሪሌይ ኃይል መገበው። ዲሴምበር 12 ቀን ቀይ መሆን የነበረበት ምልክት ቀይ ሳይሆን ቀረ፤ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰዎች ሞቱ።

በአንቶኒ ሂደን የተመራው ምርመራ በ1989 ባወጣው ዘገባ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልጣለም። ቴክኒሻኑ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። የአሠራሩ ጕድለት ለዓመታት ሲዘልቅ ያየውና ያረመው አልተገኘም። ሽቦዎቹንም ሌላ ሰው ቈጥሮ አላመሳከረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ ተመራቂ ከቢሮ አስቀድሞ በሪሌይ ክፍል ውስጥ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር ይዋል፤ ሥዕሉን ከሽቦው ጋር ያመሳክር። ዘርግቶ ያገናኘ ሰው የራሱን ሥራ ብቻውን አይፈትን። የመፈረም ሥልጣን ከዲግሪ ጋር በአንድ ጊዜ አይሰጥ፤ በተግባር በታየ ችሎታ ደረጃ በደረጃ ይሰጥ፤ በየጊዜውም ይታደስ። ዕረፍትም እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ ደኅንነት ሕግ ይቈጠር።

ከሁሉ በላይ ግን አለቆች አንድ ግዴታ አለባቸው። ወጣቱ መሐንዲስ “ፈተናው ስላልተጠናቀቀ መስመሩ አይከፈት” ባለ ጊዜ ባቡሩ ቢዘገይም ከጎኑ ይቁሙ። በዚያች ሰዓት ብቻውን ከተተወ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይቈጥር ይፈርማል።