ለጋሼ የቆመ ታዛ

(በሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ አንድ ሰው ልናገር። በመናኸሪያው በኩል የመጣችሁ፣ ትንሿ መናፈሻ ውስጥ የቆመውን አዲስ ታዛ ሳታዩት አልቀራችሁም። የእሳቸው መታሰቢያ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እኛ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስንመጣ፣ ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚያደርሰው መንገድ ገና ጠጠር ነበር። ታስታውሳላችሁ አይደል? ጅማ አድሮ፣ በነጋታው ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ ውሎ፣ በምሽት መድረስ። ቴፒ ካምፓስ የተመደበው ደግሞ ገና ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ዝናቡስ? በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር እኮ ነው። ደረቅ የሚባሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አይታመኑም።

እኔ የደረስኩበት ምሽት ዶፍ ይወርድ ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው ባትሪ፣ በሌላው የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ቆመዋል። «ተማሪ ነህ? ና ልጄ፣ ሻንጣህን ስጠኝ» አሉኝ። ሌባ መሰሉኝ። ሻንጣዬን አቅፌ እምቢ አልኩ። አልተቆጡም። ከረጢቱን ራሴ ላይ ጣል አድርገውልኝ፣ ከፊት ከፊቴ ባትሪ እያበሩ እስከ ግቢው በር አደረሱኝ። ብር ላወጣ ስል «ለሻይህ ይሁንህ» ብለው በዝናቡ ተመለሱ። ሌላ አውቶቡስ ይመጣላ!

«ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው። ወባ ያንቀጠቀጠውን ልጅ በሌሊት ደግፈው ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ገንዘብ ያለቀበትን ለባለ ምግብ ቤቱ «ይከፍላል፣ እኔን እመነኝ» ይሉለታል። ደመወዝ የላቸውም፣ የላካቸውም ድርጅት የለም። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። በወጣትነታቸው በበቃ እርሻ ለቡና ለቀማ ሲመጡ፣ ማታ እዚህ ደርሰው የሚቀበላቸው አጥተው ነበር። በአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆመው አደሩ። «ባለሱቁ አየኝ፣ አላባረረኝም። ቢያባርረኝ ኖሮ በማግስቱ ወደ አገሬ ተመልሼ ነበር» አሉኝ። ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ተመረቅሁ፣ ሄድኩ። አንድም ቀን ደውዬ አላውቅም። ማረፋቸውን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። ሙሉ ስማቸው ተጽፎ ስለነበር ማን እንደሞተ አልገባኝም። ፎቶግራፋቸው ሲከተል ነው ያወቅሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም ማለት ነው። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ እፍረት ነው።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው የጀመሩት ሥራ ትልቅ ድርጅት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው፤ ይገባቸዋልም። ጋሼ ግን ድርጅት አልነበራቸውም። የዕድሩ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ሲነቀል፣ ሥራቸውን የሚያስታውስ ነገር አብሮ ሊነቀል ነበር።

ከዚያ እኛ ምሩቃን ገንዘብ አዋጣንና ሐውልት ይሁን፣ እብነ በረድ ይሁን ብለን ተከራከርን። አሳባችንን ለዕድሩ ስናቀርብ አንዲት እናት ተነሡና «ልጆቼ፣ እሱ ያን ሌሊት ቆሞ ያደረው ሐውልት አጥቶ ነው?» አሉን። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ሥራው የቡና ለቀማው እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ያኔ ማን እጅ አለው? በጥር በደቦ ተጀመረ። እኛ ለዓይን እንዲያምር የሣር ክዳን ፈልገን ነበር። ግንበኛው ሣቀብን። በዚህ ዝናብ በየጊዜው የሚያድሰው ማነው አለን። ምስጥ እንዳይበላቸው ምሰሶዎቹ አፈር ሳይነኩ በሲሚንቶ መሠረት ላይ ቆሙ። ቆርቆሮው ከምሰሶዎቹ አልፎ እንዲወጣ ተደረገ፤ እዚህ ዝናቡ በጎንም ይመጣል። ዙሪያውን ቦይ፣ ውስጡን አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ አንድ አምፖል። የሊስትሮ ልጆች ድንጋይ ተሸከሙ፣ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ሠራተኛውን በየተራ አበሉ። የእኛ መዋጮ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ዋለ፤ የቀረው በሙሉ የከተማው ሰው ላብ ነው።

ሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ ሲባል ቤተሰባቸውን ጠየቅን። «ልጆቹ በጠሩት ስም ይጠራ» አሉ። ስለዚህ «ጋሼ» ብቻ ተጽፏል። እኔም ዛሬ ሙሉ ስማቸውን ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ታዛ ዝናብ ያስጥላል እንጂ ሻንጣ አይሸከምም፣ የታመመም አይደግፍም። ቦዩን ማጽዳትና አምፖሉን መቀየር ዕድሩ ወስዶታል። የቀረው የእኛ ነው። መምህሮቻችን፣ አዲስ ተማሪዎች በሚገቡባቸው ቀናት ነባር ተማሪዎች በተራ እዚያ እንዲቆሙ አድርጉልን። እኛ ምሩቃንም በየዓመቱ ከመካከላችን ሁለት ሁለት ሰው እንላክ። የስም መመዝገቢያው ደብተር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌአለሁ። ባትሪም ገዝቻለሁ።