የወታደር ቁመና ከማን ይጀምራል?

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ ከቀድሞ የሠራዊት አባል የቀረበ ንግግር)





የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ውትድርና ሕይወትዎ ለልጆቹ አንድ ነገር ያካፍሉልን» ባለኝ ጊዜ፣ ስለ ጦር ሜዳ አወራለሁ ተብሎ ታስቦ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥኩት ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር የሚያየውን ነው፤ ስለ ጢም፣ ስለ ጠጉርና ስለ ሩጫ።

ይህን እንድመርጥ ያደረገኝ አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። እዚያው አገር ወታደር ነው። መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መከላከያ ኃላፊ ፒት ሄግሴት ጄኔራሎቻቸውን ቨርጂኒያ ውስጥ ኳንቲኮ ላይ ሰብስበው፣ የአካል ብቃት ፈተናና የክብደት ምዘና በዓመት ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች እንዲደረግ፣ ጢምም እንዲቀር አስታወቁ። ጢሙን መላጨት በሕመም ምክንያት የማይችል ወታደር ከአንድ ዓመት በላይ ታክሞ ካልተሻለው ሊሰናበት እንደሚችልም ቀደም ብሎ ተወስኖ ነበር። ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አሠልጣኝ ነበሩና ይፍረዱ። ሩጫውንም ክብደቱንም አልፌያለሁ። ያስቸገረኝ ቆዳዬ ነው» አለኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ዛሬ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ወታደር ቁመናውን ይጠብቅ መባሉ ትክክል ነው። ኮቾሮውን፣ ኮዳውንና ጥይቱን ተሸክሞ ተራራ መውጣት ያልቻለ ሰው፣ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ጓደኛው ሊሸከመው ነው። በምንኖርባት በኬንያ እንኳ የሠራዊቱ ምልመላ ሲታወጅ ቁመት ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ አስቀድሞ ይነገራል። መለኪያው በር ላይ ለሁሉም እኩል ተለጥፎ ይታያል። ይህ ጥሩ ነው።

በእኛም አገር ዘመናዊው ሥልጠና ረጅም ታሪክ አለው። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች ተከፈተ። በኋላም የክብር ዘበኛ ሠራዊት በሥርዓቱና በስፖርቱ ታወቀ። አበበ ቢቂላ ከዚያ ሠራዊት የወጣ፣ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የሠለጠነ ወታደር ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ሌላው ሯጭ ገና መንገድ ላይ ሳለ እሱ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም አየ። ለታይታ አልነበረም። በየማለዳው የተለመደ ነገር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲቀር እንደዚያ ይሆናል።

የጠጉርና የጢም ነገር ግን ከሩጫው ይለያል። መለኪያው ከዘመን ዘመን ይገለባበጣል። አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ሲሉ ጎፈሬ የጀግና ማዕረግ ነበር። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን የነበሩ አርበኞቻችን ጠጉራቸውን አጎፍረው ነው የተዋጉት። በእንግሊዝ ጦር ደግሞ እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ድረስ የላይኛውን ከንፈር መላጨት ክልክል ነበር፤ ሪዝ ግዴታ ነበር። ትእዛዙ የተነሣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ይኸው ጦር በ2024 እ.ኤ.አ. ጢምን ፈቀደ። የሕንድ ሠራዊት የሲክ ወታደሮች ጥምጥማቸውንና ጢማቸውን እንደያዙ ያገለግላሉ፤ ጀግንነታቸውንም የሚጠራጠር የለም። እንግዲህ ጢም ራሱ ሰነፍ ወይም ጎበዝ አያደርግም። የሚላጭበት ምክንያት አለው፤ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ፊት ላይ በደንብ እንዲገጥም፣ ንጽሕና እንዲጠበቅ፣ ሠራዊቱም አንድ እንዲመስል። ምክንያቱን የማያውቅ አለቃ ግን ምላጩን እንደ አለንጋ ይይዘዋል።

ይህን ልዩነት ያሳዩኝ በ1969 ዓ.ም. ምልምል ሳለሁ ያሠለጠኑኝ አንድ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ኮሪያ የዘመቱ የቃኘው ሻለቃ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ዕድሜ ቢቀራረብም ሩጫ ላይ ከፊታችን እንጂ ከኋላችን ሆነው አያውቁም። እኛ ለፍተሻ ስንሰለፍ እሳቸው ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው ቆመው እናገኛቸዋለን። የእግራችንን ጣቶች ሳይቀር ያዩ ነበር። «ኮሪያ ላይ ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር፤ ካልሲውን ያልቀየረ ሰው ጥይት ሳይነካው ከጦር ሜዳ ይወጣል» ይሉን ነበር። ተቆጥተውን ያውቃሉ፤ አዋርደውን ግን አያውቁም።

እኔስ? አሠልጣኝ ስሆን የእሳቸውን ድምፅ ያዝኩ፣ ልባቸውን ግን አልያዝኩም። አንድ ማለዳ በፍተሻ ላይ ጢሙን ያልተላጨ ምልምል አገኘሁ። አገጩ ላይ ነጠብጣብ እብጠት ነበረው። «ምላጭ ሲነካኝ ያቆስለኛል» አለኝ። እኔ ግን ስንፍና ነው ብዬ፣ በጓደኞቹ ፊት ያለ ውሃ ያለ ሳሙና እንዲላጭ አዘዝኩት። ደሙ ኮሌታው ላይ ሲወርድ አየሁ፤ አላስቆምኩትም። በሦስተኛው ቀን ፊቱ አብጦ ክሊኒክ ተወሰደ። ጤና ረዳቱ ጠርቶኝ፣ «ጠጉሩ ከርዳዳ ስለሆነ ሲላጭ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፤ ቆዳው ነው» አለኝ። ዛሬ ሐኪሞች ይህ ችግር በጥቁር ወንዶች ላይ በእጅጉ እንደሚበዛ በግልጽ ይናገራሉ። ያን ጊዜ እኔ አላውቅም ነበር። አለማወቄ ግን ይቅርታ አያሰጠኝም፤ ልጁ ነግሮኝ ነበርና።

ምልምሉ ድኖ ተመለሰ። ትእዛዜን ሁሉ ይፈጽም ነበር፤ ዓይኔን ግን ዳግመኛ አላየኝም። አንድ ወታደር አጣሁ ማለት ያ ነው። ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን፤ እኔም በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወደዚህ አገር ተሰደድኩ። በሕይወት ካለና ይህ ጽሑፍ ከእጁ ከገባ፣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ከአንድ ልጅ አገጭም ያልፋል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው የአራተኛ ብርጌድ ሠራዊት ለምን እንዳመፀ ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ። ምግቡም የማይበላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፣ እኛ የምንበላውን ብሉ፣ የምንጠጣውን ጠጡ አሏቸው። አመፁ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ በዚያው ዓመት የተቀጣጠለው አብዮትም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከዙፋን አወረደ። የሚጠጣው ውሃ የተነፈገውን ሰው አገጩን ለምን አልተላጨህም ብሎ መቆጣጠር ሥርዓት አይባልም። «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» እንዲሉ፣ ሥርዓት ሲበላሽም ሲቃናም ከላይ ነው።

ለእኅቴ ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ መልሼ ደወልኩለት። «ሥርዓቱን አትናቅ» አልኩት። «ሩጫህን አታቋርጥ፣ ሕክምናህን ተከታተል፣ የሐኪምህን ወረቀት በሙሉ ያዝ፣ አለቃህን በአክብሮት ግን ሳትፈራ አስረዳ። አንተም አንድ ቀን አለቃ ስትሆን፣ ሰልፉን ከማየትህ በፊት መስተዋት እይ። ወታደርህ አመመኝ ሲልህ ደግሞ መጀመሪያ ስማው።» ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይህን ከየት ተማሩት?» አለኝ። «ከበደልኩት ሰው» አልኩት።

እናንተም ልጆቻችን፣ በየትኛውም አገር ሠራዊት፣ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሰው ለመምራት ስትቆሙ ይህን አስቡልኝ። መለኪያው ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ምክንያቱም ይነገር። መጀመሪያ የሚለካበት ግን የያዘው ሰው ይሁን።